የእኩልነት በሬ

ጓድ ኃይሌ ሙሉ ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው። የግብርና መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሆኖ ወረታ ሲመጣ ሚካኤልን የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ አውርዶ፣ ኃይሌ ብቻ ሆኖ ገባ። አባቱ ቄስ መሆናቸውን እሱ አልነገረንም። እኛ ግን ብዙም ሳይቆይ አወቅን፤ ሁለት መንገድ የሚገናኝበት ከተማ ወሬ አያጣም።

እኔ ማረው እባላለሁ፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ የፎገራን ከብት መከተብና ማከም ነው። ጓድ ኃይሌ ግን እንደመጣ ይህ ሥራ ተብሎ የሚቆጠር እንዳልሆነ አስረዳን። "ሙያ ብቻውን የአድርባይ መሸሸጊያ ነው" አለ። ስለዚህ እያንዳንዳችን የውይይት ክበቡ ፊት እየቆምን፣ በሙያችን ጭቆናን እንደምንታገልና ሰውን ሁሉ በእኩል ዓይን እንደምናይ ቃል ገባን። የእሱ ቃል ከሁላችንም ረዘመ። በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ በመስተዋት ተለብጦ፣ ከወንበሩ በላይ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ገበሬ ጉዳይ ይዞ ሲገባ ጓድ ኃይሌ ተቀምጦ በጣቱ ወደ ላይ ያሳየዋል። ገበሬው ማንበብ ካልቻለ መሠረተ ትምህርት አልተማርክም ብሎ ይቆጣዋል። ባለጉዳይ ይቀመጥበት የነበረውን አግዳሚማ ቀድሞ "ሰው ያዘናጋል" ብሎ አስወጥቶት ነበር።

የሚያናድደኝ ቃሉ መልካም ቃል መሆኑ ነው። እኔ ስምል ከልቤ ነበር። ደሃ ነህ፣ ሙስሊም ነህ፣ ሴት ነሽ ሳልል አገለግላለሁ ማለት ምን ክፋት አለው? ያን የመሰለ ቃል በዚያ ሰው አፍ ሲመላለስ ስሰማ፣ የታጠበ ነጠላ ጭቃ ላይ ሲጎተት ያየሁ ያህል ይቆጨኝ ነበር።

የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር ወረታ የራሷ ልማድ ነበራት። ሁለት ከብት ይታረዳል። አንዱን ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ይባርከዋል፣ አንዱን ሙስሊም ቢስሚላሂ ብሎ። ሁለት ዳስ ይጣላል፤ ሰዉ በየዳሱ ሥጋውን በልቶ ሲያበቃ ወጥቶ አብሮ ይጫወታል። ሳልህ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ አለ፤ ሱቁ ከቢሻው ሥጋ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሳልህ ጎረቤቱ ካረደው ቀምሶ አያውቅም። የቢሻው እናት የሞቱ ጊዜ ግን ከዘመድ እኩል ያለቀሰው እሱ ነበር። በዚህ ልማድ ተበደልኩ ያለ ሰው አልነበረም።

ጓድ ኃይሌ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ጭቆና አገኘ! "ሕዝቡን በሥጋ የከፋፈለው ፊውዳሊዝም ነው" ብሎ በስብሰባ አወጀ። ዘንድሮ የሚታረደው አንድ በሬ ነው፤ ሁሉም ከአንድ በሬ ይበላል። በሬውም አይገዛም፣ ጭቁኑ ራሱ ያዋጣዋል። ማን ያዋጣ ሲባል፣ ከሁሉ የባሰ የተጨቆነው ይቅደም ተባለ። ተፈልጎ ተፈልጎ ይታይሽ ተገኘች።

ይታይሽ ከርብ ወንዝ ማዶ ያለች ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ያላት አንድ በሬ ነው፤ ቦራ ትለዋለች። ባለ አንድ በሬ ለብቻው አያርስምና ከጎረቤቷ ከአንለይ በሬ ጋር ያቀናጁታል። አንለይ ሁለቱን ጠምዶ የሁለቱንም ማሳ ያርሳል፤ እሷ ደግሞ በአረምና በአጨዳ ውለታውን ትመልሳለች። የፎገራ ሜዳ ላይ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይተኛል። መስከረም ላይ ውሃው ሲሸሽ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ሽምብራው ካልተዘራ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ የዚያ ቤት ሰው ዓመቱን በምን እንደሚገፋ ይጨነቅ። በዓሉ የሚውለው ደግሞ መስከረም ሁለት ነው።

ጓድ ኃይሌ ቢሮው ጠራኝ። ስገባ ይታይሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች።

"ጓዲት ይታይሽ ድርብ ጭቁን ናት" አለኝ። "ደሃም ናት፣ ሴትም ናት። ለዚህ ክብር የተመረጠችውም ለዚያ ነው። አንተ በሬው ለእርሻ የማይሆን ነው ብለህ ትፈርማለህ።"

የእርሻ በሬ እንዳይታረድ መመሪያ ስለነበር የእኔ ፊርማ ያስፈልግ ነበር።

"ኧረ ጌታው፣ ክብሩ ይቅርብኝ" አለች ይታይሽ። "በሬዬን ብቻ ይተዉልኝ። ውሃው ሸሽቶልኛል፤ ዛሬ ነገ ጠምደን ልንገባ ነው። ቦራ ተሄደ የአንለይም በሬ ቁሞ መቅረቱ ነው። የሁለት ቤት ረሃብ ነው እኮ ጌታው።"

"ጌታው አትበይ!" ብሎ ጮኸባት። "ጌታ የሚባል ተሽሯል! ጓድ በይ!"

"እሽ፣ ጓድ ጌታው። በሬዬን ግን።"

"በሬው ጤነኛ ነው" አልኩት። "ጥርሱን አይቻለሁ፤ ገና ብዙ ያርሳል። በዚህች ሴት ላይ ይህን ከፈረምኩ ያ የገባሁት ቃል ምን ሊባል ነው?"

"ቃል የገባኸው ለሰፊው ሕዝብ እንጂ ለአንዲት ሴት አይደለም። ለአንድ ሰው ማድላት ራሱ ጭቆና ነው።"

እንዲህ ያለውን ነገር ፊቱ ሳይቀላ የሚናገር ሰው ምን ይባላል? ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ራሱ ፈረመ። የበሬ አፍ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ቦራ አርጅቷል ብሎ ፈረመ።

በበዓሉ ቀን ቦራ ሜዳው መሀል ተጣለ። እኩልነቱ እንዳይጓደል ቢሻውና ሳልህ አንድ ቢላዋ በጋራ እንዲይዙ ታዘዘ። ቢሻው የበሬውን ራስ ወደ ምሥራቅ ሊያዞር ሲል ሳልህ ወደ ቂብላ ሳበው።

"ወደ መድረኩ አዙሩት!" አለ ጓድ ኃይሌ። "ደግሞም ማንም የራሱን ጸሎት እንዳያነበንብ። ኢትዮጵያ ትቅደም በሉና እረዱ!"

ሁለቱ ተያዩ። ቢሻው እኖራለሁ ብሎ፣ ሳልህ ልጆቼን ብሎ፣ ኢትዮጵያ ትቅደም አሉና አረዱ። በዚያች ቅጽበት ሥጋው የማንም ሳይሆን ቀረ። ይህን ለማወቅ ካድሬ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ወረታ ማደግ ብቻ በቂ ነው።

ሥጋው በየትሪው ቀረበ። አንድ እጅ አልተዘረጋም። ክርስቲያኑ የሳልህ እጅ የነካውን፣ ሙስሊሙ የቢሻው እጅ የነካውን፣ ሁሉም ደግሞ በመፈክር የታረደውን አይበላም።

"እሺ፣ እኔ አርአያ እሆናለሁ" አለ ጓድ ኃይሌ። ቁርጡን በአዋዜ አጥቅሶ ጎረሰና ንግግሩን ጀመረ። ያኝካል፣ ይናገራል፤ ይናገራል፣ ያኝካል። ጉንጩ ግን እንደተነፋ ነው። ለቄሱ ልጅ ሥጋው አልወርድለት አለ! ስለ ኋላ ቀር ልማድ እየተናገረ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሕዝቡም ንግግሩን ትቶ ጉንጩን ይመለከታል።

ያኔ ሸህ መሐመድዘይን፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት፣ ከፊት ሆነው ቀስ ብለው "ጓድ፣ ይዋጡት እንጂ! እኛም እንድንከተል" አሉት።

ጓድ ኃይሌ ወደ መድረኩ ጀርባ ዞረ። ሲመለስ ጉንጩ ጎድሎ ነበር፤ መሀረቡ ግን አብጧል። ለመሳቅ የደፈረ የለም፤ በዚያን ዘመን ሳቅም ያስጠይቃል። ቦራን ውሾችና ጥንብ አንሳዎች ያለ ሃይማኖት ልዩነት በሉት። ይታይሽ ቆዳውን እንኳ ስጡኝ ብትል፣ ለኪነት ቡድኑ ከበሮ ይፈለጋል ብለው ከለከሏት። ሜዳው ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። ጓድ ኃይሌ ግን እንደገና አስጠራኝ።

"የአንለይ በሬ ቆሟል" አለኝ። "ጓደኛ የሌለው በሬ ሥራ ፈት ንብረት ስለሆነ ለአምራቾች ማኅበሩ ይገባል። አሁን ግን እንቢ የምትልበት ምክንያት የለህም፤ ለባለቤቱ እርሻ እየሠራ አይደለም ብለህ ብትፈርም እውነትህን ነው።"

"እውነት ነው" አልኩት። "እንዲህ ያደረገው ማን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፤ ከዚያ እፈርማለሁ።"

ፊቱ ጠቆረ። ደሞዜን ሊይዝ፣ ወደ በረሃ ሊያዛውረኝ ዛተ። ለእኔ የመጣ ለእኔ ነው፤ የፈራሁት ለዚያ በሬ ነበር።

የደረሰልን ሳልህ ነው። ሊሸጠው የኑግ ፋጉሎ እያበላ ያሰባውን በሬ እየነዳ አንለይ በር ላይ ቆመ። "የዚያች ሴት በሬ እጄ ላይ ነው የሞተው" አለው። "አላህ ሲጠይቀኝ ኃይሌ አዞኝ ነው ልለው ነው? እንካ፣ ጥመደው።" እኔም በዚያው ቀን ሄጄ አየሁና፣ የአንለይ በሬ ተቀናጅቷል፣ ሥራ ላይ ነው ብዬ ፈረምኩ። ያን ፊርማ ስፈርም ደስ አለኝ።

ሆኖም የሳልህ በሬ ቀንበር አያውቅም። ሲጠመድ ይዘላል፣ ሲደክመው ጭቃው ላይ ይተኛል። አንለይ ሲለምነውና ሲገርፈው ጊዜው ነጎደ። የይታይሽ ማሳ ግማሹ ተዘራ። ግማሹ ሳይታረስ ደረቀና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሆነ።

ሽምብራው እሸት ሲሆን እኔ በዚያ ሰፈር ከብት ልከትብ ወርጄ ነበር። የጓድ ኃይሌ ላንድሮቨር ከጎንደር የመጡ እንግዶች ጭኖ ማሳው ዳር ቆመ። በመስኮት ብቅ አለ።

"ጓዲት ይታይሽ! እሸቱ ደርሷል እኮ! እስቲ ለእንግዶቻችን ንቀይላቸው። ያለንን በእኩል መካፈል ነው!"

ይታይሽ ከአረሟ ቀና አለች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ እንደ ሥርዓቷ ጎንበስ ብላ እንግዶቹን እጅ ነሣች።

"ተካፍለናል እኮ ጓድ" አለች። "ይኸ የበቀለው የኔ ነው።" ከዚያ በአገጯ ወደተሰነጠቀው ግማሽ አሳየችው። "ያ ማዶ ያለው ደሞ የእርስዎ። ይውረዱና ይንቀሉላቸው።"