ከነሥሩ የተነቀለው እሬት

ማዕዶት እሬቱን ስትነቅል ስርቆት አልመሰላትም። ባሏ በሥራ ዝውውር ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡታጅራ ካመጣት ገና ዓመት አልሞላትም፤ ለአገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ናት። ልጇ ጡት አልተው ብላ ብታስቸግራት ጎረቤቷ ዘይባ «እሬት ቀቢበት፣ ምሬቱን ከቀመሰች ዞራ አታየውም» ብላት ወደ ወልቂጤ ዘመድ ጥየቃ ሄደች። ማዕዶትም ከከተማው ዳር፣ አጥር በሌለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ፣ ቅጠሉ የወፈረ፣ ጠርዙ እሾሃም፣ ቀይ አበባውን ወደ ላይ ያቆመ እሬት አገኘች። አንድ ቅጠል በበቃት ነበር። ስስት ክፉ ነው፤ ከነሥሩ መንግላ አመጣችው።

ቢጫ ፈሳሹ ሥራውን ሠራ፤ ልጅቷ አንዴ ቀምሳ ጮኸች፣ በዚያው ተወች። እሬቱ ግን ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቅንጣት አልጠወለገም። ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ ቋጥሮ የሚኖር ጉደኛ ነው። ዛሬ ባልዲ ላይ ልትተክለው ስትሰናዳ፣ ከመንገድ የተመለሰችው ዘይባ ገባች።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከመስጊዱ ማዶ ካለው ሜዳ። ባለቤት የለውም እኮ።»

የዘይባ ፊት ተለዋወጠ። «ሜዳ? መቃብር ነው እንጂ! እኛ ሐውልት አናቆምም፣ እሬት ነው የምንተክለው። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ለሟቹ ዱዓ ያደርግለታል።» ድምጿ ወረደ። «የቱ ጋ ነው? ግራሩ ሥር?»

ማዕዶት ክው አለች። ግራሩ ሥር ነበር። ልትዋሽ ቃጣት፣ ምላሷ አልታዘዝ አላት እንጂ።

«አዎ» አለች።

ዘይባ ሻሿን ሳበች፣ ወጣች። ማዕዶት እሬቱን ታቅፋ ተከተለቻት። ባጃጅ ተሳፍረው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዘይባ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። በዚህ ከተማ ማዕዶት ያላት ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ልጇን ሲያተኩሳት ታቅፋ ሐኪም ቤት የሮጠችው እሷ ናት። አሁን ልታጣት ነው። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

ሲደርሱ እሬቱ የተነቀለበት ጉድጓድ እንደተከፈተ ነው። የአፈሩ ክምር አጭር ነው፤ የልጅ መቃብር። ዘይባ ልጅ እንደቀበረች ለማዕዶት ማንም አልነገራትም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

«የኔ ነው» አለች ዘይባ። «አንቺ ነቀልሽው፣ አንቺው ትከዪው።»

ማዕዶት አፈሩን በጥፍሯ ቧጥጣ ተከለችው። በላስቲክ ጠርሙስ ከያዘችው ውሃ ልታፈስለት ስትል ዘይባ ክንዷን ቀጨም አደረገች።

«ተዪ! ሥሩን ያበሰብሰዋል። በደረቁ ነው የሚይዘው።»

«ይቅር በይኝ ዘይባዬ። ወይኔ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

«ሳምንት ሙሉ ልጄ ያለ ዱዓ ቆየ» አለች ዘይባ፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እሬቱ እስኪይዝ ድረስ አንቺ ጸልዪለት።»

«እኔ? የናንተን ጸሎት አላውቅም እኮ።»

«በምታውቂው። ስሙ ሸምሶ ነው።»

ማዕዶት ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ደፋች። «አቤቱ ጌታዬ፣ ሸምሶን…» ብላ ሳትጨርስ፣ ዘይባ ከጎኗ ተንበርክካ «አሚን» አለች።