የሁለት ሰው ሰንጢ

ባሌን ተክሌን የሚያውቅ ሁሉ ሰንጢውንም ያውቃታል። የማያውቃት ከተገኘ ተክሌ ራሱ መንገድ ላይ አስቁሞ ያስተዋውቀዋል። ዛሬ ግን እኔ ሙሉ፣ ሚስቱ፣ እሱ የማይናገረውን ልናገር ነው። ይስማ! ከፈለገም ያኩርፍ፤ ኩርፊያውን ለምጄዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በገባ ዓመት ነው። ጥር ላይ ተክሌና አብዱልሃዲ ሽንኩርት ጭነው ሸዋ ሮቢት ሄዱና መናኸሪያው በር ላይ ዕቃ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከሚዞር ነጋዴ አንዲት ሰንጢ ገዝተው መጡ። ሁለት ጎልማሳ፣ ሁለቱም የልጆች አባት፣ አንዲት ሰንጢ! ዋጋዋ አሥራ ስድስት ብር ነው፤ ስምንት ስምንት ብር አዋጥተው ነው የገዟት። እያንዳንዳቸው መግዛት አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ።

«ለሙከራ ነው» አለኝ ተክሌ። «ርካሽ ነገር አይታመንም። አንዷን እንፈትናትና ጥሩ ከሆነች ሁለተኛዋን እንገዛለን።»

«ጥሩ ካልሆነችስ?»

«የከሰርነው ግማሽ ሰንጢ ብቻ ይሆናላ!» አለና ራሱን አደነቀ።

አብዱልሃዲ ማለት እርሻው ከእርሻችን ጋር ድንበርተኛ የሆነ፣ ከአንድ ቦይ ውሃ የምንጋራው ሰው ነው። እኔ ተክሌን ሳላገባ በፊት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። እሱ እስላም ነው፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ቀወት ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ለቅሶውም ሰርጉም አንድ ላይ ነው። ሁለቱ ግን ከሌላው ሰው ይብሳሉ። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው መሐረብ የሚፈልግ ዓይነት ናቸው።

ሰንጢዋ እጀታዋ ቀይ ፕላስቲክ ነው። ጎኗ ላይ የዓሣ ሥዕል አለ፣ ከሥዕሉ ሥር ማንም የማያነበው የቻይና ጽሑፍ። አንድ ወር ሙሉ ፈተኗት። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንኳን እንደዚያ አይፈተንም! ተክሌ ስለቷን ለማየት የግራ ክንዱን ፀጉር ላጨባት፤ ሲጨርስ ክንዱ ከሌላ ሰው የተዋሰው መስሎ ቁጭ አለ። አብዱልሃዲ የማዳበሪያ ጆንያ ቀደደባት፣ የቃጫ ገመድ ቆረጠባት፣ ሸንኮራ ላጠባት። ማታ ማታ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው ውጤት ይናገራሉ።

«ስለቷ ቶሎ ይደክማል» ይላል ተክሌ። «ግን ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስቴ ካመላለስካት ትነቃለች።»

«ሽንኩርት ከቆረጥክባት ወዲያው መጥረግ ነው፤ አለዚያ ትዝጋለች» ይላል አብዱልሃዲ።

«ማጠፊያዋም ትንሽ ይወዛወዛል።»

«ይወዛወዝ! ወላሂ ተክሌ፣ እኔ ጎበዝ ሰንጢ አልፈለግኩም። ስፈልጋት ኪሴ ውስጥ የምትገኝ ነው የፈለግኩት።»

እንዲህ እያሉ ፈተናውን አሳለፏት። ሁለተኛዋን ሰንጢ ግን አልገዙም። አንዷን መጋራቱ ጣማቸው መሰለኝ፤ ከገበያ ገበያ ተራ ገብተው ይይዟት ጀመር። አንዱ ሲያስረክብ ሌላው ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ዘይት ተቀብታ እንደሆነ አይቶ ይቀበላል። እኔን እንኳ እንደዚያ አገላብጦ አይቶኝ አያውቅም!

አንድ ሕግ ብቻ አወጡ፦ ሥጋ አይቆረጥባትም። በኛ አገር ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሥጋውን የነካ ቢላዋም እንደዚያው ነው፤ ለየብቻ ይቀመጣል። ሰንጢዋ ግን የሁለቱም ስለሆነች ለማንጎ፣ ለፓፓያ፣ ለገመድና ለመፋቂያ ብቻ ትሁን ተባባሉ። ተክሌ በማርያም ማለ፣ አብዱልሃዲ በአላህ ማለ። ወዲያው ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ እንዲህ ያለውን ሕግ ማክበር ቀላል ነው፤ ባሌ ሁለት ወር ሙሉ ጻድቅ ሆኖ ከረመ።

ፋሲካ ሲደርስ ተረኛው ተክሌ ነበር።

የዚያን ዓመት ቅርጫው እኛ ግቢ ሆነ። ጠዋት በሬው ተጥሎ፣ ሥጋው ቅጠል ላይ ተዘርግቶ ወንዶቹ መደብ ይመድባሉ። መዳቢው ጎረቤታችን ጌታቸው ነው። ጌታቸው ካራ አለው፣ ረጅም ነው፣ ምላሱ ግን ከካራውም ይረዝማል። ተክሌ ጎንበስ ሲል ሰንጢዋ ከኪሱ ወደቀች።

ጌታቸው አነሳትና በሁለት ጣቱ ይዞ ለሰው ሁሉ አሳየ። «ጎበዝ፣ የተክሌ ጥፍር መቁረጫ ወድቃለች!»

ሰው ሳቀ። እኔም ከማድቤት በር ሆኜ ሳቅኩ፣ ምን ልዋሽ። የተክሌ ፊት ግን ተለዋወጠ።

«አምጣት» አለው። «አታውቃትምና አትናገራት።»

«ምን ልትቆርጥ? ማንጎ ነው የምትልጠው አሉ። እስቲ ወንድ ከሆነች ይቺን ጎድን ትሞክራት!»

ሰውየዬ አላሰበም። ሁለት ወር የጾመ ሆድ፣ በሰው ፊት የተሳቀበት ሰንጢ፣ ፊት ለፊቱ ጮማ። ቀጭ አድርጎ ከፈታት። ጎድኑን በግራ እጁ ይዞ ከላይ እስከ ታች አወረደው፣ ከዚያም የሥጋውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ከንፈሩ ሥር ሸርከት አደረገው። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ጌታቸው ዝም አለ። ጌታቸውን ዝም ያሰኘ ሰው በኛ ቀበሌ ታይቶ ስለማይታወቅ ተክሌ ደስታው ወሰን አጣ። ደግሞ ቆረጠ፣ ደግሞ በላ። እኔም እንደ ሞኝ «የኔ ጀግና!» እያልኩ ነበር።

ሰው ተበታትኖ እጁን ሲታጠብ ነው ድንገት ቀጥ ብሎ የቀረው።

«ሙሉዬ፣ ጉድ ሆንኩ!»

«ምነው? ጣትህን ቆረጥካት እንዴ?»

«ምነው ጣቴን በቆረጠችው። የአብዱልሃዲም ናት እኮ!»

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ ያላየችው የለም፤ በሎሚ ታሸች፣ በአመድ ተፈተገች፣ በፈላ ውሃ ተቀቀለች። በመቀቀሉ እጀታዋ ላይ ያለው ዓሣ ግማሽ ጭራው ተላጠ። «አጥቤያታለሁ ብለህ ሂድና ንገረው፤ ሰውየው ሰው ነው» አልኩት።

«ነገ» አለኝ።

ሰኞም «ነገ» አለኝ። ማክሰኞ የውሃ ተራችን ስለነበር በዓል ነው ብለን አልቀረንም፤ ቦዩ ጋ ሄድን። እኔ ምሳ ይዤ ነው። ተክሌ ኮቱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ውሃ ይመልሳል። አብዱልሃዲ መጣና እንኳን አደረሳችሁ ብሎን ሲያበቃ፣ ከቦዩ ዳር ቀጭን ቅርንጫፍ ሰበረ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሳይጠይቅ ከተክሌ ኮት ኪስ ሰንጢዋን አወጣ፤ የራሱ ዕቃ አይደለች! ቅርንጫፉን ቆርጦ፣ ጫፉን ልጦ፣ መፋቂያውን ወደ አፉ ሊያደርግ ሲል ተክሌ ከነአካፋው ቦዩን ዘለለ።

«አፍህ እንዳታደርሰው!» ብሎ ጮኸ።

መፋቂያውን ከእጁ ነጥቆ ውሃ ውስጥ ወረወረው። ሰንጢዋን ቀማው። ይባስ ብሎ አብዱልሃዲ የያዘበትን እጀታ፣ የነካውን ስለት፣ ሁሉን በሱሪው ጥርግ ጥርግ አድርጎ ኪሱ ከተታት።

አብዱልሃዲ እጁ ባዶውን አየር ላይ ቀረ። እጁን አየ፣ ተክሌን አየ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። ሰንጢዋ ተበላሽታለች።» መዋሸት የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ደግሞ አያችሁት? «ዝጋለች። ስለቷም የለም። ማጠፊያዋም … ጠቅላላ የረባች ዕቃ አይደለችም። እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። አንተ አትያዛት፣ አትንካት።»

«እንዳልነካት?»

«አዎ፣ አንተ አትንካት።»

ወይ ተክሌ! እኔ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሱ በዓይኑ ለመነኝና ዘጋሁት። ያኔ ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ። አብዱልሃዲ «ደህና ይዋሉ» ብሎት ሄደ። «ይዋሉ» ነው ያለው፤ እንደ ሩቅ ሰው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ደጃፋችን አልመጣም። ቦዩን በተራው ከፍቶ በተራው ይዘጋል፣ ሲያገኘን ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፋል። የገበያው ቀን ደረሰ፣ ተራው የሱ ነበር፤ ሰንጢዋን ሊቀበል አልመጣም። ተክሌም እህል አልወርድ አለው። ሰው ስለ ሰንጢዋ ሲጠይቀው ያንቋሽሻታል፣ ሌሊት ደግሞ ተነስቶ ያጥባታል። «ብነግረው ይጠላኛል፤ ምዬ ነው የከዳሁት» ይላል። «ሳትነግረውም እየጠላህ ነው» እለዋለሁ። «ነገ» ይላል።

በኛ ቤት የዳግማይ ትንሣኤ የአብዱልሃዲ ቀን ነው። የፋሲካ ለት ግቢው በቅርጫ ሰው ስለሚሞላ እሱ ከነሚስቱ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ዶሮውን ራሱ ያርዳል፣ ለሱ በተለየ ድስት ይሠራለታል፣ እኛ የኛን እንበላለን፣ ጨዋታው ግን አንድ ነው። አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። የዚያን እሁድ አውራውን ዶሮ አስሬ፣ ቤቱን ጠርጌ ጠበቅን። ቀትር ሆነ። ስምንት ሰዓት ሆነ። ተክሌ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። እንደዚያ ሆድ ብሶት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «ተነስ!» አልኩት። ዶሮውን ብብቴ ሥር ወተፍኩና ከፊት ቀደምኩ። «ሰንጢህንም ያዝ። ዛሬ ትናገራለህ፤ አለዚያ እኔ ራሴ ጌታቸውን ምስክር ጠርቼ እናገራለሁ!»

አብዱልሃዲ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሲያየን ተነሳ፣ ግቡ አለ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም። ተክሌ አልገባም። እዚያው ቆሞ ሰንጢዋን መሬት ላይ አስቀመጣት።

«ሥጋ በላሁባት» አለ። «የፋሲካ ለት። ጥሬ ሥጋ። ምዬ ሳለሁ።»

አብዱልሃዲ ሰንጢዋን አየ። «በዚች?»

«ጌታቸው ጥፍር መቁረጫ ናት ብሎ ሰው አሳቀባት። ንዴቴ መጣና …»

«ምን አላት?»

«ጥፍር መቁረጫ።»

«እና ቆረጠች?»

«ጎድኑን ከላይ እስከ ታች አወረደችው።»

«ጌታቸው ምን አለ?»

«ዝም አለ።»

«ሱብሃነላህ፣ ጌታቸው?» ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ መጣና መልሶ ዋጠው። ደግሞ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር።

«ተክሌ፣ ሰንጢ በውሃ ይጠራል። የፋሲካ ለት ብትነግረኝ ታጥባ አልቆ ነበር። የማክሰኞ ፊትህን እኔ በምን ልጠበው? እኔ እኮ ተጠየፈኝ ብዬ ነው። እጄ የነካውን ስትጠርግ አየሁህ። እዚህም እዚያም ሰው እስላም ክርስቲያን እያለ የሚያወራውን እሰማለሁ፤ ለካ ተክሌም ሰምቶታል፣ ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ታግሦኝ ኖሯል አልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ባሌ እዚያው ደጃፉ ላይ፣ ያ ሁሉ አካል፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «አንተን? እኔ አንተን?» ከሚል በቀር ሌላ አልወጣውም። እኔም አለቀስኩ። ዶሮውም ብብቴ ሥር ይጮሃል።

«በቃ፣ ግቡ» አለ አብዱልሃዲ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ። «ዶሮውን ስጪኝ። ግን ቅጣት አለባችሁ።»

ቅጣቱን ስሙልኝ እንግዲህ። ዶሮውን አረደው፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠራችው። እኛ መቼም ከሱ አንበላም። ለኛ ሽሮ መጣልን። በበዓለ ሃምሳ ሽሮ! አብዱልሃዲ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ቀስ እያለ፣ አንዷንም አጥንት ሳያልፍ፣ «አይ ሙሉ፣ ምን የመሰለ ዶሮ አሳደግሽ!» እያለ በላ። ተክሌ ዶሮውን እያየ ሽሮውን ይጎርሳል።

ሲጨርስ ተነሳ፣ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበና እጁን ለተክሌ አሳየው። «ታጥቤያለሁ። እኔ እንዳንተ አይደለሁም፤ አስቀድሜ ነው የምናገረው።»

ከዚያ ከኛ ትሪ ላይ እንጀራ ቆረሰ፣ ሽሮውን አፈሰበት፣ ጠቀለለና የጡጫ ያህል ጉርሻ አደረገው። «ክፈት!» አለው።

ባሌ አፉን ከፈተ። ከአብዱልሃዲ እጅ ተቀበለ፣ ጉንጩ እስኪነፋ ጎረሰ፣ እያላመጠ እንባው ይወርዳል። ገና ሳይውጠው ደግሞ አፉን ከፈተለት።