ዘጠነኛው ዙር

እማማ ኤልፍነሽ በባትሪ የሚሄደው ባለ ወንበር ስኩተራቸው ድልድይ መሃል ላይ ቀጥ ያለባቸው በ2011፣ ሰመር ገና ሲገባ ነው። ቶሮንቶ ውስጥ ከሚኖሩበት ሰፈር፣ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ተነሥተው ማዶ የምትኖር ጓደኛቸውን ዓለምሸትን ሊጠይቁ እየሄዱ ነበር። የማያውቋቸው ሁለት ጎረምሶች እየገፉ ቤታቸው አደረሷቸው። በማግስቱ ልጃቸው ሀሴት የስኩተሩን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ማም፣ ኢትስ ኖት ሴፍ» አለች። ሀሴት እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷን እንደምትወድ የምትገልጸው በመከልከል ነው።

«ሴፍ ያልሆነው ቤት መቀመጥ ነው» አሉ እማማ ኤልፍነሽ። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ያለ ስኩተር ከቢልዲንጉ በር አያልፉም።

ይህንኑ ሊፍት ውስጥ ለዙበይር ነገሩት። ዙበይር ጎረቤታቸው ነው፤ ቶሮንቶ ከመጣ ዘጠኝ ወሩ። ድሬዳዋ ቴሌ ባትሪ ክፍል ሠርቷል፤ አሁን ደግሞ እዚሁ ከተማ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ለቢሮዎች የሚያገለግሉ ባትሪዎችን ይቀይራል። የዚያኑ ቀን መጥቶ የስኩተሩን ሁለት ባትሪዎች ለካ።

«እማማ፣ እነዚህ አልቆላቸዋል። ግን ሥራ ቦታ የመቀየሪያ ቀናቸው ስለደረሰ ብቻ የምናወጣቸው አሉ፤ ደህናውም ከደካማው ጋር አብሮ ይወጣል። አለቃዬን ጠይቄ አራት ላምጣና እንፈትናቸው።»

«ደህናውን በምን ታውቀዋለህ?»

«ቻርጅ ሲደረጉ ሁሉም እኩል ቮልት ያሳያሉ፤ ይዋሻሉ። ሥራ ሰጥተን ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ነው የምናየው።»

ቅዳሜ ጠዋት አራቱን የታሸጉ ባትሪዎች በገበያ ጋሪ አምጥቶ በረንዳቸው ላይ ደረደራቸው። እያንዳንዱን ከአንድ የመኪና አምፖል ጋር አገናኘ። አራቱም አምፖሎች በፀሐይ ላይ በሩ።

«በየግማሽ ሰዓቱ ቮልቱን እንጽፋለን። አሥር ነጥብ አምስት ላይ የደረሰውን ወዲያው እንነቅላለን፤ ከዚያ በታች ከወረደ ይጎዳል።»

እማማ ኤልፍነሽ ደብተር ይዘው ብቅ አሉ። አዲስ አበባም ቶሮንቶም ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበሩ፤ የበሽተኛ ቻርት እንዴት እንደሚያዝ የሚነግራቸው አያስፈልግም። አራት ዓምድ አሰመሩ፤ ከላይም «አልጋ ቁጥር 1፣ 2፣ 3፣ 4» ብለው ጻፉ።

ዙበይር ሳቀ። «አልጋ?»

«አንተ ቴስተሩን ያዝ። ሰዓቱን ለእኔ ተው።»

ፈተናው ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ከሩብ እንደሆነው፣ ዙበይር ውስጥ ሳንድዊች እየሠራ ሳለ እማማ ኤልፍነሽ ተጣሩ።

«ዙበይር! አልጋ ቁጥር አንድ ፊቷ ገረጣ!»

እውነትም አምፖሉ ቢጫ ሆኗል። ነቀለው። ከተጀመረ አራት ሰዓት ሲሞላ ቁጥር ሁለት ተከተለች። ሦስትና አራት ግን ስድስት ሰዓት አለፉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ተለያይተው ጨረሱ።

«መንታ ናቸው!» እማማ ኤልፍነሽ አጨበጨቡ። «በል ቶሎ ቻርጅ አድርጋቸው፤ እንደ አራስ እንያዛቸው።»

ሀሴት ማታ ስትመጣ ቻርቱን ሰጧት። ደጋግማ አነበበችው። «ይሄ በረንዳ ላይ ነው» አለች በመጨረሻ። «መንገድ ላይስ?»

«መንገድ ላይም እንፈትነዋለን» አለ ዙበይር። «የቶርንክሊፍ ፓርክ መንገድ ዞሮ እዚሁ ይመለሳል፤ አንዱ ዙር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢቆም እንኳ ቤት ቅርብ ነን።»

እሑድ ዙበይር መንታዎቹን ስኩተሩ ላይ ገጠመ። ሀሴት ቁልፉን አወጣች፤ ደብተሩንም ራሷ ያዘች። እማማ ኤልፍነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ዙበይር በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ይለካል፤ ሀሴት ትጽፋለች። ሁለተኛው ዙር ላይ ዛፍ ሥር የተቀመጡ የፓኪስታን እናቶች ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሲነገራቸው በየዙሩ ማጨብጨብ ጀመሩ። አምስተኛው ላይ አንዷ የተላጠ ማንጎ በሳህን አቀበለቻቸው፤ እማማ ኤልፍነሽ ሳይቆሙ አንድ ቁራጭ አንሥተው አለፉ።

ስምንተኛውን ሲጨርሱ ዙበይር ለካና ቀና አለ። «ሁለቱ አንድ ላይ ሃያ አራት ነጥብ አንድ ቮልት። አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄደውበትም ገና ኃይል አለው። ዓለምሸት ቤት ደርሶ መልስ አምስት እንኳ አይሞላም።»

«እኔ ግን ወገቤን!» አሉ እማማ ኤልፍነሽ፤ ተደግፈው ወርደው እናቶቹ መሃል ተቀመጡ።

ሀሴት ደብተሩን ዘጋች። «ኦኬ ማም። ዩ ዊን። ዓለምሸት ጋር ቅዳሜ መሄድ ትችያለሽ።» ስኩተሩን አየት አደረገችው። «እኔ... አንድ ዙር ልሞክረው?»

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?» አለ ዙበይር ኮስተር ብሎ፤ ግን ፊቱን ሳቅ አሸነፈው።

ሀሴት ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። መጀመሪያ ቀስ አለች፤ ከዚያ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ጸጉሯ ወደ ኋላ ተበተነ። ልጅ ሳለች እንደምትስቀው እየሳቀች ከእይታ ጠፋች። ዙሩን ጨርሳ ስትመጣ እናቶቹ አጨበጨቡ፤ እሷ ግን አልቆመችም።

«አንቺ! አንድ ነው ያልሽው!» ጮኹ እማማ ኤልፍነሽ፣ ማንጎ የያዘ እጃቸውን እያውለበለቡ።

«ሳይንስ ነው ማም!» አለችና አጠገባቸው አልፋ ሄደች።