ወር አርባ ሰባት

ታናሽ ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሱ ግን ፊደል ከቆጠረ ወዲህ ለጥያቄዋ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፤ «ተይው እትዬ፣ አይገባሽም።» ይቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ዓመታት አለፉ። አለመማር ሌላ፣ ድንጋይ መሆን ሌላ!

ይባስ ብሎ እሷ በምትሠራበት የወተት ፋብሪካ ፕሮግራመር ሆኖ ተቀጠረ። እሷ ጠርሙስ ላይ ወረቀት የሚለጥፈውን ማሽን ትጠብቃለች። የመበላሻው ቀን እንዴት እንደሚታተም ለማሽኑ የሚነግረው የወንድሟ ፕሮግራም ነው። በቅርቡ ቀኑ የጠፋ ወተት ወጥቶ፣ አለቃው «ሁለተኛ ቢደገም ሥራሽን ለሌላ ነው የምሰጠው» ብሏታል። ልጆቿ የሚያድሩት በዚሁ ሥራ ነው።

ወንድሟ ፕሮግራሙን ባደሰ ማግስት አንድ ጠርሙስ አንስታ አየች። ወር አርባ ሰባት ይላል። ዓይኗን አሸችና ሌላ አነሳች። አርባ ስምንት። ማሽኑ ላይ ግን አረንጓዴ መብራት ቦግ ብሏል፤ «ትክክል» ማለት ነው። እሷ አበደች ወይስ ማሽኑ?

ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫነችው። አለቃው እየሮጠ መጣ፤ ወንድሟም ተከተለው።

«አረንጓዴ እኮ ነው!» አለ ወንድሟ።

«ወሩስ?»

ሩብ ሰዓት ያህል ከተጨቃጨቁ በኋላ አለቃው ማሽኑን ራሱ አስነሳና አንድ ጠርሙስ አሳያት። «ይኸው፣ ወር ሦስት! ተስተካከለ። በይ ቀጥይ።»

ግራ ገባት። ማንም ሳይነካው እንዴት ዳነ?

«ቅድም አርባ ሰባት ያለ አፍ አሁን ሦስት ቢል አላምነውም» አለች።

«ተይው እትዬ፣ አይገባ…»

ሳይጨርስ ማሽኑን አጠፋች፤ የማስነሻውን መክፈቻ ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «እስኪገባኝ አይነሳም!»

«ሴትዮ፣ ወተቱ ይበላሻል!» አለ አለቃው።

«ለእሱ ንገረው። ቶሎ ያስረዳኝ።»

ወንድሟ ላፕቶፑን ከፍቶ ላቡን እየጠረገ ጀመረ። «መብራቱ የሚያየው ትእዛዙን ብቻ ነው። የጻፍኩት ምልክት ማሽኑ የሚያውቀው ከሆነ አረንጓዴ ይበራል። ይሄ የቀን ነው፣ ይሄ የወር…» ጣቱ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ቀረብ ብሎ አየ። «ውይ! የወር ቦታ ላይ የደቂቃ ምልክት አስገብቻለሁ። ደቂቃውን ነው ሲያትም የዋለው። አዲስ ሰዓት ሲገባ ደቂቃው ከዜሮ ስለሚጀምር ነው አሁን ሦስት ብሎ ወር የመሰለው።»

«ታዲያ ውሸቱን ነው፤ ለምን ቀይ አልበራም?»

«ደቂቃም የታወቀ ምልክት ነዋ። ዘበኛ መታወቂያሽን አይቶ ያስገባሻል እንጂ፣ የማን ወንበር ላይ እንደምትቀመጪ ያውቃል?»

አልገባትም። መክፈቻውን የሰጠችው ግን እሱ ፕሮግራሙን ካረመ፣ እሷም ማሽኑን ራሷ አስነስታ ትክክለኛውን ወር በዓይኗ ካየች በኋላ ነው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አቀበለችውና ጎኗ አስቀምጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተለጠፈውን ሁሉ፣ ትክክል የሚመስለውንም ጭምር፣ አብሯት እንዲልጥ አደረገችው።

«እሺ፣ ዘበኛውን ተወውና» አለችው እየላጠች፣ «አረንጓዴው ለምን በራ?»

ተነፈሰና ከመጀመሪያው ጀመረላት።