የረግረጉ ሥር

አምብሮስ ተርከል መድኃኒት ለቃሚዋን እማማ ዶርካስን ገና ከጠዋቱ አላመናትም። ካምብሪጅ ሰባት ዓመት ተቀምጦ የተማረው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ መጠርጠር። በላቲን አስረዳ፣ በላቲን አፍርስ እየተባለ ያደገ ሰው፣ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት እንዴት ብሎ ይመን!

ዕፅዋትን ግን ኮሌጁ አያስተምርም። ስለዚህ እሱና ጓደኛው ጀርቬስ ፔል ረግረጉን የሚዞሩት እሷን ይዘው ነው። ያን ቀን ከቦዩ ዳር እንደ እጅ ጣቶች የተደረደረ ወፍራም ነጭ ሥር ነቀሉ።

«ጣሉት ጌቶቼ። ይሄ በሬ ይጥላል» አለች።

«ባለፈው ሳምንት ከቅርጫትሽ አይቼው የለም እንዴ?» አላት አምብሮስ።

«ያ ሌላ ነው፤ ይመሳሰላሉ።»

«በምን ለየሽው?»

«ስይዘው እጄ ያውቀዋል።»

እጇ ያውቀዋል! ጣፋጩን ሥር ለራሷ ልታስቀር ነው ብሎ ጠረጠራት። ሥሩን ሳይጥል ማደሪያቸው ይዞት ገብቶ ቅጠሉን ከላቲኑ መጽሐፍ ጋር ሲያስተያየው ቁርጥ እሱን ሆነለት፤ ይበላል ይላል። የመጽሐፉ ጸሐፊ የኖረው ሩቅ አገር፣ ይህን ረግረግም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ መሆኑን አምብሮስ ልብ አላለም።

ከምሳ በኋላ እንደ ወጋቸው ክርክር ገጠሙ። የተረታ የረቺውን ቃል ይቀበላል። ጀርቬስ የአሮጊቷን ወገን ያዘ።

«በሬ ሲሞት አይታለች እኮ።»

«በሬው በሌላ በሽታ ሞቶ ቢሆንስ? ከዚህ ሥር ነው ያላት ማን ነው?»

እንዲህ እያለ መግቢያ መውጫ አሳጣው። ጀርቬስ ሳቀ። «ካንተ አፍ ሰይጣንም አያመልጥ። ተረታሁ» አለና ሥሩን ልጦ ገመጠ። «ይጣፍጣል። እንካ፣ ቅመስ።»

«እኔ ጠግቤያለሁ» አለ አምብሮስ። ሆዱ ፈርቶ ነበር። ተው እንዳይለው ደግሞ ያሸነፈውን ክርክር በገዛ አፉ ማፍረስ ሆነበት።

ሰዓት ሳይሞላ ጀርቬስ ጥርሱ ገጥሞ መሬት ላይ ተንፈራገጠ። አምብሮስ እማማ ዶርካስን ከገበያ እየጎተተ፣ የክርክራቸውንም ነገር በመንገድ እየነገራት ሲያመጣት የጀርቬስ ትንፋሽ ቆሞ ነበር። ዓይኑን ከደነችለት። ከዚያ የአምብሮስን ክንድ አፈፍ አደረገች።

«አንተስ ልጄ? በልተህ እንደሆን ቶሎ አስታውክ።»

«አልበላሁም።»

ክንዱን ለቀቀችው።

«ደህና ነው ብለህ አይደል ያበላኸው? ታዲያ ለምን አልበላህም?»

አምብሮስ የላቲኑን መጽሐፍ ከደነ።