ቀረጡ ከተነሳ በኋላ

በጫማ ፋብሪካው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ሌንስ» ነበር የሚሏት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለቀለትን ጫማ እየገለበጠች ስትመረምር፣ ጠማማ ስፌት ከዓይኗ አምልጦ አያውቅም።

ከውጭ በሚገባ ጫማ ላይ የነበረው ቀረጥ መነሳቱን የሰማችው በምሳ ሰዓት፣ ከሥራ አስኪያጁ አፍ ነው። ሰውየው ወንበር ላይ ወጥቶ፣ «እኛ ለሶሉም ለማስቲሹም እንደ ድሮው ቀረጥ እየከፈልን፣ ያለቀው ጫማ ያለ ቀረጥ ሊገባ ነው። በምን አቅማችን እንወዳደር?» አለ።

አንድ ቆዳ ቆራጭ፣ «እግራችንን አስረው ሩጡ አሉን!» ብሎ ጥቂት ሰው አሳቀ። ሌንስ ማንኪያዋን አጥባ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በአራተኛው ወር ፋብሪካው ተዘጋ። ገዢ መጥቶ የስፌት መኪኖቹን ሲያስጭን በሩ ላይ ቆማ አየች። ሆዷ እንዲባባ ጠበቀች፤ አልባባም።

ቤት ስትገባ እናቷ ፊቷን አይተው፣ «አልቅሺና ይውጣልሽ እንጂ ልጄ» አሏት።

«አልመጣ አለኝ፣ እማዬ» አለችና ድንች መላጥ ጀመረች።

ታናሽ ወንድሟ ከውጭ የሚገባ ጫማ ይቸረችራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«እትዬ፣ ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ቅር ካላለሽ…»

«ምን ቅር ይለኛል?»

«እኔ እንጀራሽን የዘጋሁብሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።»

«አንተ ባትሸጠው ጎረቤትህ ይሸጠዋል። ስንት ሰዓት ልምጣ?»

በመጀመሪያው ቀን ካርቶን ከፍቶ አንድ ጫማ ሰጣት። እጇ ለምዶበት ገለበጠችው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ሶሉን አጠፈችው፤ አልተላቀቀም። እንከን ስትፈልግለት ቆየች።

«እንዴት ነው?» አላት ወንድሟ።

«ደህና ነው። ከኛው አያንስም።»

ይህን ስትል ቢያንስ ይቆጠቁጠኛል ብላ ነበር። አልቆጠቆጣትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። መደርደሪያውን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ የዚያ የኛው ፋብሪካ ጫማ የለም? ይኸው ስድስት ዓመቱ» ብለው እግራቸውን አሳዩዋት።

ጎንበስ ብላ አየችው። ጠርዙ ሳስቷል እንጂ ክሩ አልተነካም።

«እሱ ቀርቷል አባባ፤ አይመረትም።»

«ምነው? ምን ሆኖ?»

«ተዘጋ። ቁጥርዎ ስንት ነው?»

«አርባ አንድ።»

አርባ አንድ ቁጥር ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። መሰላሉን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።