ያልታወጀው ዓሣ ነባሪ

ሊሳንድሮ ፔርቲኔ ስለ ድንጋይ ሽበት፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ስለሚያድገው ሕይወት፣ የሚሰጠውን ትምህርት እስከ መጨረሻው የሰማ ሰው በምድር ላይ የለም፤ በባሕር ላይም የለም። ከኡሽዋያ ወደብ ተነስታ ወደ ደቡቡ የበረዶ አገር ቱሪስት በምታመላልሰው መርከብ ላይ ዘጠኝ ወቅት ሙሉ አስተምሯል፤ አንድም ጊዜ አልጨረሰም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በእነዚህ መርከቦች ላይ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ፤ መሪ ክፍል ውስጥ ያለው ተረኛ መኮንን ዓሣ ነባሪ ካየ በድምፅ ማጉያ ያውጃል። አዋጁ መኝታ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤት፣ አዳራሽ ብሎ አይመርጥም። ያኔ ሰው ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ካሜራውን አንጠልጥሎ ወደ ውጭ ይሮጣል። ሊሳንድሮ ከባዶ ወንበሮች ጋር ይቀራል።

ይባስ ብሎ ዓሣ ነባሪዎቹ ሰዓት የሚያውቁ ይመስላሉ። የፔንግዊን አስተማሪዋ ስትናገር ባሕሩ ጭጭ ይላል። የጥያቄና መልስ ውድድር ሲካሄድ፣ ሹራብ አስተማሪዋ ክር ስታድል፣ እንኳን ዓሣ ነባሪ አረፋም አይታይም። ሊሳንድሮ "ድንጋይ" ብሎ አፉን የከፈተ እንደሆነ ግን ከች ነው። የጉዞው መሪ ሃልቫርድ ኖርዌያዊ ነው፣ ነገር አይባክንበትም። እንግዶች ዓሣ ነባሪ አጣን ብለው ማጉረምረም ሲጀምሩ የሊሳንድሮን ትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ያስገባል።

በዚህኛው ጉዞ ጉሙ አልገለጥ ብሎ ግማሹ መንገድ በከንቱ አለቀ። እንግዶቹ የባዕድ ተክል ዘር ወደዚያ ምድር ይዘው እንዳይገቡ ኪሳቸውንና የጫማቸውን ስፌት አቧራ በሚስብ ማሽን አስጠረጉ። ዘፈኑ። በረዶ ውሃ ውስጥ ዘለው ገብተው እየጮኹ ወጡ፤ ለጩኸታቸው የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። አሁን ዓሣ ነባሪ ይፈልጋሉ። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ነፋስ ተነስቶ ወደ የብስ መውረዱ ተሰረዘ።

ሃልቫርድ ቁርስ ላይ ብድግ ብሎ፣ "ሊሳንድሮ፣ ዛሬ አንተ ነህ። በል ጥራልን" አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊሳንድሮ አልሳቀም።

ጉዞው የመጨረሻው ነበር፤ ጡረታ ሊወጣ ነው። መርከቡ ለተሰናባች ሠራተኛ ዘመድ አንድ ነፃ አልጋ ስለሚሰጥ ልጁን ኖኤሚን ይዟት መጥቷል። ኖኤሚ ያደገችው ባሕር በሌለበት በኮርዶባ፣ ከእናቷ ጋር ነው። የተወለደችው በጥር ነው፤ ጥር ደግሞ የበረዶው አገር በሩን የሚከፍትበት ወር ነው። አባቷ የልደት ሻማዋን ስታጠፋ አጠገቧ ቆሞ አያውቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች በስልክ "ዓሣ ነባሪ አሳይሻለሁ" አላት። መቼ ስትለው "የዛሬ ዓመት" አለ። በዓመቱም "የዛሬ ዓመት" አለ። ልጅቷ አድጋ የጥርስ ሐኪም ሆነች።

ወደቡ ላይ ሻንጣዋን ሲቀበላት፣ "አባዬ፣ ለድንጋይህ እንዳልመጣሁ ታውቃለህ አይደል?" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ዓሣ ነባሪዬን ካላየሁ ከዚህ መርከብ አልወርድም።"

"ታያለሽ" አላት። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

በትምህርቱ መጨረሻ ላይ ሰው አይቶት የማያውቅ አንድ ስላይድ አለ። ኖኤሚ በተወለደች ዓመት ሊሳንድሮ ያኔ ይሠራበት ከነበረው የበረዶው አገር የምርምር ጣቢያ ጀርባ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ብጫ ሽበት አገኘ። ኖኤሚ ብሎ ሰየማት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ በልጁ የልደት ቀን፣ ድንጋዩ ሥር ተንበርክኮ ለካት፣ ፎቶ አነሳት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ይቺ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አድጋ የሸሚዝ ቁልፍ አከለች። ስላይዱ ላይ ፎቶዎቹ ሁሉ ተደርድረው ከሥራቸው "አልረሳሁም" ይላል። ይህን ለልጁ ምሳ ላይ ሊነግራት ይችል ነበር። አልቻለም። መቶ ሰው ካልሰማው ለልጁ መናገር የማይሆንለት አባት አለ፤ ሊሳንድሮ እንዲያ ነው።

ስለዚህ በካራሜል የተሞላ ብስኩት፣ አንድ ሙሉ ሣጥን አልፋሆር ይዞ ወደ መሪ ክፍሉ ወጣ። ተረኛዋ ሬናታ ነበረች።

"ምንድነው ይሄ ዶን ሊሳንድሮ? ጉቦ ጀመሩ እንዴ?"

"ስጦታ ነው። ትምህርቴን እስክጨርስ ማጉያውን እንዳትነኪብኝ።"

"ዓሣ ነባሪ ከመጣስ?"

"ብቻሽን እዪው።"

"ሃልቫርድ ቢሰማ እኔኑ ነው ባሕር የሚጥለኝ!" ሣጥኑን ግን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። "እሺ፣ የመጨረሻዎ ስለሆነ ነው። ቆይ ግን፣ ምን አስበው ነው?"

"ለልጄ ስል ነው" አላትና ወረደ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ኖኤሚ ከፊት የያዘላትን ወንበር አይታ ራሷን ነቀነቀች። "ሆዴ ገና አልረጋም፤ በሩ አጠገብ ልሁን" ብላ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ።

ሊሳንድሮ ጀመረ። እንግዶቹ ካሜራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጣሪያውን፣ ማጉያውን ያያሉ። የሚጠብቁት እሱን አልነበረም። ማጉያው ዝም አለ። ሁልጊዜ የሚቋረጥበትን ስላይድ አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ራሱም ረስቷቸው ስለነበር እንደ እንግዳ አያቸው። ደስ አለው። ድምፁ ሞቀ፣ ቀልድ ሞከረ፣ አንዲት ሴትዮ ሳቀችለት።

ያኔ መጋረጃው በጥቂቱ ገርበብ ባለበት በኩል ባሕሩን አየ። ጥቁር ጀርባ ከውሃው ወጣ። ከጎኑ ትንሽ ጀርባ ተከተለ። እናትና ልጅ፣ ከመርከቡ በድንጋይ ውርወራ ርቀት።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ልጁ እዚያው ጨለማ ውስጥ፣ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የጠበቀችው ነገር ከመስኮቱ ማዶ ይተነፍሳል። የቀሩት ደግሞ ሦስት ስላይዶች ናቸው። ዓሣ ነባሪ ነገም አይጠፋም፣ ይህ አዳራሽ ግን ነገ የለኝም ብሎ አሰበ። እያወራ ወደ መስኮቱ ተራመደና መጋረጃውን በገዛ እጁ ግጥም አድርጎ ዘጋው።

መጨረሻው ስላይድ ላይ ሲደርስ ብጫዋን ክብ በጣቱ ጠቆመ። "ይህቺ ኖኤሚ ትባላለች" አለ። "በልጄ ስም ነው። ልደቷን ሁሉ ከእሷ ጋር ሳይሆን ከዚህች ጋር አሳለፍኩ። ጥሩ አባት እንዲህ አያደርግም። ግን አንድም ዓመት አልረሳሁም። ልጄ እዚህ አለች፣ ከኋላ።"

መብራት በራ። መቶ አንገት ዞረ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። አልተሳሳተም።

ሊሳንድሮ ወደ ውጭ ወጣ። ኖኤሚ መከላከያ ብረቱን ይዛ ቆማለች፤ ቆብ የላትም፣ ፊቷ በእንባም በባሕር ውሃም ርሷል።

"አባዬ!" ብላ ጥምጥም አለችበት። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ አቅፋው አታውቅም። "ሁለተኛው ድንጋይህ ላይ ሆዴ ተገለባበጠና አየር ልስብ ብዬ ወጣሁ። እዚህ ነበረች፣ እዚህ! ከነልጇ! ዓይኗን አየሁት። ተነፈሰችብኝ፤ ይሸታል፣ እንዴት እንደሚሸት! አንድም ሰው የለም። ከላይ፣ መሪ ክፍሉ ደጃፍ ላይ፣ ሬናታን አየኋትና 'ለምን አትናገሪም?' ብዬ ጮህኩባት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'አባትሽ ነው ዝም በይ ያለኝ፤ ለልጄ ስል ነው ብሎኛል።'"

ሊሳንድሮ ወደ መሪ ክፍሉ ቀና ብሎ አየ።

"ያን ሁሉ ካሜራ አዳራሽ ውስጥ ቆልፈህ ለእኔ ብቻ!" አለች። "እኔ ደግሞ ቃልህን የረሳኸው መስሎኝ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቂም ይዤብህ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ሊሳንድሮ መጋረጃውን የዘጋበትን እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሊናገር ይገባው ነበር፤ አፈረ፣ ደስም አለው፣ የትኛው እንደበለጠ አላወቀም።

"አልረሳሁም" አላት።

"ትምህርትህንስ ጨረስከው?"

"ጨረስኩት።"

"በስንት ዘመኑ! መጨረሻው እንዴት ነው?"

ባሕሩን አየ። እናትና ልጅ ከጠለቁበት ቦታ ላይ ውሃው ገና ክብ ሠርቶ ይዞር ነበር።

"ድንጋይ ነው እንግዲህ" አለ። "ቀስ እያለ ያድጋል።"

ኖኤሚ ሳቀችና ክንዱን ያዘችው። "ሌላ ጊዜ ታሳየኛለህ፤ ሆዴ ሲረጋልኝ።"

"የዛሬ ዓመት" አላት፣ ከልማዱ።